ሞራ ገላጭና የኮንዶሚኒየም ደረጃ

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም ያው እንደምታውቁት። እማዬ ከደሴ መጥታ ከኔ ጋር መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፣ እና እስከ አምና ክረምት ድረስ ድንችና ሽንኩርት ተሸክማ አራቱን ፎቅ ስትወጣ ከኋላ የማለከልከው እኔ ነበርኩ። ከዛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማረፍ ጀመረች። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ። "ምነው እማ?" ስላት "እርጅና ነዋ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት ቀላል መሰለሽ" ትለኛለች፣ እኔም አመንኩ፣ ማመኑ ስለሚቀል መሰለኝ። ጭራሽ ቀሚሷ ሆዷ ላይ ሲጠባት "ተመስገን ወፈርሽ" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ነው።

ታሪኩን አሳጥረዋለሁ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ ሲኤ 125 የሚሉት የደም ምርመራ፣ ከሆዷ ውሃ ተቀድቶ ላብራቶሪ መላክ፣ ሪፈር፣ ወረፋ፣ ሌላ ሪፈር። የእንቁልጢ ካንሰር፣ ኦቫሪ የሚሉት። ደረጃ 3።

ይሄን የምጽፈው ስለ ካንሰሩ ራሱ አይደለም፣ ስለሱ ብዙ ተጽፏል። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው፣ ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ ምን ሊገጥማት እንደሚችል ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር ወይ የሚለው። መልሱ በከፊል አዎ ነው፣ በከፊል ደግሞ ማወቁ ብቻውን ምን ሊረባ የሚያስብል ነው። ሁለቱንም አየሁት።

መጀመሪያ ላይ ከሐኪሟ ጋር ተጣልቻለሁ። እኔ የጠበቅኩት ዛሬ ካንሰር ነው ከተባለ ነገ ኦፕራሲዮን ነው። እሷ ግን ቁጭ አድርጋ "መጀመሪያ ሦስት ዙር ኪሞ ትውሰድ፣ ከዛ እናወጣዋለን፣ ከዛ ቀሪውን ሦስት" አለችኝ። ለኔ ይሄ በትህትና የተነገረ ተስፋ መቁረጥ መሰለኝ፣ የኦፕራሲዮን ቦታ ስለሌላቸው ነው ብዬም ጠረጠርኩ፣ አክስቴ ደግሞ በስልክ "አሁኑኑ ጠርገው ያውጡላት፣ ምንም እንዳያስቀሩ በያቸው" እያለች ታጋግለኛለች። ዶክተሯ አልተቆጣችም። እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ "እናትሽን ዛሬ ብንከፍታት ካንሰሩን ልናወጣ እንችላለን፣ እሷ ግን ከአልጋ ላትነሳ ትችላለች።"

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ (ሙያዬ ሂሳብ መዝገብ ነው፣ ቁጥር ካላየሁ አላምንም)። በእንግሊዝና በኒውዚላንድ 550 ገደማ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ኮረስ የሚባል ጥናት አለ፣ ልክ የኛን ጥያቄ ነው የጠየቀው፣ ቀድሞ ኦፕራሲዮን ወይስ ቀድሞ ኪሞ። በሕይወት በመቆየት በኩል ኪሞ ያስቀደሙት ምንም አልተጎዱም። ቀድመው ከተከፈቱት ውስጥ ግን በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ስድስቱ ሞተዋል፣ ኪሞ ካስቀደሙት ከ100 አንድ እንኳን አልሞላም። ከባድ የሚባለው የኦፕራሲዮን ጣጣም ከ24 በመቶ ወደ 14 ወርዷል። ክርክሩ አልቋል ማለት አይደለም፣ ጥሩ አቅም ያላት ሴት ጥሩ ቦታ ላይ ከሆነች ቀድሞ መከፈት ይሻላታል የሚሉ ሐኪሞች አሁንም አሉ። ዋናው ነገር ግን ገባኝ፣ ዶክተሯ እማዬን አይታ ትንበያ ሠርታለች፣ ኪሞው የዛ ትንበያ ውጤት ነው። እኔ ቸልተኝነት ያልኩት ነገር።

ለአክስቴም መልስ አገኘሁላት። ላዮን የሚባል ጥናት አለ፣ 2019 ላይ የወጣ፣ 647 የእንቁልጢ ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ላይ፣ ሲታይና ሲዳሰስ ጤነኛ የሚመስለውን የሊምፍ እጢ ጠርጎ ማውጣትን አለማውጣት ጋር ያነጻጸረ። የጠረጉላቸው ሴቶች አንድ ቀን ዕድሜ አልጨመሩም፣ በ60 ቀን ውስጥ የሞቱት ግን 3.1 በመቶ ሆኑ፣ ካልተጠረገላቸው 0.9። ዳግም ሆድ መክፈት ያስፈለጋቸውም እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። አክስቴ ይሄን ስነግራት "አይ ፈረንጅ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሰመመን ሐኪም ጋ ላኩን። ልጅ እግር ነገር ነው፣ ፋይሏን ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀና ብሎ "እናቴ፣ ደረጃ ሲወጡ ያርፋሉ?" አላት። እኔ ጨዋታ ለማምጣት መስሎኝ ነበር። እሷም "ኧረ ልጄ አራተኛ ፎቅ ነው ያለነው፣ የተረገመ ፎቅ" ብላ ስትስቅ እሱ እየጻፈ ነው። "ስንት ቦታ ያርፋሉ?" "ሦስት ቦታ።" ጻፈ። ሁለት ፎቅ ሳያርፍ የሚወጣ ሰው ልቡና ሳንባው ትልቅ ኦፕራሲዮን የሚችልበት መጠባበቂያ አለው ይባላል፣ ግምት ነው፣ ግን ሐኪሞች በየትም አገር የሚጠይቁት ግምት ነው። ያን ቀን እኔ ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ እያየ ያለፍኩትን ነገር እሱ በሁለት ጥያቄ ወሰደው።

በነገራችን ላይ አማርኛችን ደረጃ በሚል ቃል ስንት ነገር እንደሚሸከም ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካንሰሩ ደረጃ አለው፣ የምትወጪው ደረጃ ነው፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው ጣጣም ደረጃ አለው። ይሄ የመጨረሻው ክላቪየን ዲንዶ ይባላል፣ በሁለት ሐኪሞች ስም ነው፣ በ2004 አሁን ባለው መልኩ ወጣ። ከ1 እስከ 5 ነው። 1 ማለት ትንሽ ነገር፣ ማስታወክ ዓይነት። 2 ማለት ደም ወይም ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈለገው። 3 እንደገና ኦፕራሲዮን ወይም ሌላ መርፌና ቱቦ የሚያስገባ። 4 አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያስገባ። 5 ሞት። ድሮ አንዱ ሐኪም "ጣጣ ነበረው" ሲል ሌላው "ቀላል ነበር" ይል ነበርና ማወዳደር አይቻልም ነበር። ጣጣውን ለመተንበይ መጀመሪያ ጣጣ ምን እንደሆነ መስማማት ነበረባቸው።

ቀጥሎ አልቡሚን። ይሄን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ከ3.5 ሲወርድ ሐኪሞች ፊታቸው ይለወጣል፣ የእማዬ መጀመሪያ ሲለካ 2.7 ነበር። በ1999 የወጣ የአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች ጥናት ከ54 ሺህ በላይ ትልልቅ ኦፕራሲዮኖችን አይቶ በ30 ቀን ውስጥ ማን ይሞታል የሚለውን ከሌሎች ምርመራዎች ሁሉ አስበልጦ የሚናገረው ይሄ አልቡሚን ነው ብሎ ነበር (አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው እሺ፣ ግን በሴቶቹም ካንሰር ላይ ያው ተደጋግሟል)። ርካሽ ምርመራ ነው፣ የትም ይሠራል።

እኔ ታዲያ ፕሮቲን ነው ሲባል እንቁላል ልጠብስላት ሮጥኩ። ጊዜው ሁዳዴ! እማዬ ደግሞ እንኳን በሽታ ሞት ቢመጣ ጾም አትፈታም። "እንቁላል በልቼ ነው የምድነው?" ትለኛለች። በስንት ልመና የንስሐ አባቷ ጋ ደወልን፣ እሳቸው ገና ሳልጨርስ "ለታመመ ጾም የለበትም ልጄ፣ ትብላ" አሉኝ፣ ለሷም ስልኩን ሰጥቼ ራሳቸው ነገሯት፣ ከዛ በኋላም እያጉረመረመች ነው የበላችው። ለዶክተሯ በኩራት ስነግራት ሳቀች። አልቡሚን የሚወርደው በምግብ ብቻ አይደለም አለችኝ፣ ካንሰሩ ራሱ ሰውነትን ሲያቃጥለው ጉበት ማምረቱን ይቀንሳል፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃም ይዞት ይሄዳል፣ እንቁላሉ ይጠቅማታል ግን ቁጥሩን የሚያነሳው በዋናነት ኪሞው ነው። እውነትም ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሆዷ ጎደለ፣ አልቡሚኗ 3.4 ገባ። እማዬ እስካሁን እንቁላሉ ነው ትላለች።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአሜሪካ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ ያዘጋጀውን የኦፕራሲዮን አደጋ መገመቻ ካልኩሌተር በስልኬ ከፈትኩት፣ ለማንም ክፍት ነው። በ2013 ሲወጣ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎች መረጃ ላይ የተሠራ ነው፣ 21 ጥያቄ ይጠይቃል፣ ዕድሜ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ሆድ ውስጥ ውሃ አለ ወይ፣ ካንሰሩ ተሠራጭቷል ወይ፣ ሲጋራ፣ ቁመት ክብደት። ሞላሁት። ዝርዝር አወጣልኝ፣ የቁስል ኢንፌክሽን ይሄን ያህል፣ የደም መርጋት ይሄን ያህል፣ ሞት ይሄን ያህል፣ ሁሉም ጎን ላይ "ከአማካይ በላይ" እያለ። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

በነጋታው ግን የሂሳብ ሠራተኛነቴ ተመለሰ። አንደኛ፣ አልቡሚን አልጠየቀኝም እኮ! ሁለተኛ፣ የኦፕራሲዮኑን ዓይነት አንድ ብቻ ነው የሚያስመርጠው፣ የእንቁልጢ ካንሰር ኦፕራሲዮን ግን አንድ አይደለም፣ ማህፀን አለ፣ እንቁልጢ አለ፣ ሞራ አለ፣ እንደ ሁኔታው አንጀት ተቆርጦ ይቀጠላል፣ ጣፊያ ሊወጣ ይችላል፣ ድያፍራም ሊፋቅ ይችላል። ጣጣውን የሚወስነው በአብዛኛው ይሄ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሆዷ እስኪከፈት በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሦስተኛው ዋናው ነው፣ የተሠራው በአሜሪካ ሆስፒታል ነው። የትንበያ ነገር ሁለት ፈተና አለው። አንዱ ሁለት ሴት ቢሰጡት የትኛዋ ይበልጥ አደጋ ላይ እንደሆነች መለየት ይችላል ወይ፣ ካልቻለ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም። ሌላው፣ 10 በመቶ ያላቸውን 100 ሴቶች ብንሰበስብ እውነትም አሥሩ ላይ ደረሰ ወይ። የመጀመሪያውን ፈተና አሜሪካም አዲስ አበባም ሊያልፍ ይችላል፣ የታመመ የታመመ ነው። ሁለተኛውን ግን ደም ባንኩ፣ የአይሲዩ አልጋው፣ ማታ ተረኛ ያለው ነርስ ብዛት ነው የሚወስነው፣ እሱን ደግሞ ካልኩሌተሩ አያውቅም።

ይሄ የኔ ብሶት ብቻ አይደለም። በ2018 የወጣ ትልቅ የአፍሪካ ጥናት አለ፣ 25 አገር፣ 247 ሆስፒታል፣ ከ11 ሺህ በላይ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው። የኛ ታካሚዎች ከሌላው ዓለም ይልቅ ወጣት ናቸው፣ በሽታቸውም የቀለለ ነው፣ ግን ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞቱት የዓለም አማካይ እጥፍ ናቸው። ከ100 ሰው 18ቱ ጣጣ ገጥሞታል። የሞቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞቱት ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ከዛ በኋላ ባሉት ቀናት ዋርድ ውስጥ ነው። ቢላው አይደለም ማለት ነው፣ ማታው ነው።

አሜሪካ ውስጥም በ2009 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ ብዙ ሰው የሚሞትባቸውና ጥቂት ሰው የሚሞትባቸው ሆስፒታሎች ጣጣቸው እኩል ነው፣ አንድ አራተኛ ገደማ ሁለቱም ጋ። ልዩነቱ ከባድ ጣጣ ከመጣ በኋላ ነው፣ አንዱ ጋ ከአምስቱ አንዱ ይሞታል፣ ሌላው ጋ ከስምንቱ አንዱ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገባች፣ 8 ሰዓት ወጣች። ሁለት ዩኒት ደም ወስዳለች፣ ለሱ ምትክ ወንድሜና የሠፈራችን ባለሱቅ ቀድመው ሰጥተው ነበር (ባለሱቁ በሕይወቱ መጀመሪያው ነው፣ ሊወድቅብን ነበር)። ዶክተሯ ማስኩን አውርዳ "በዓይን የሚታይ አልቀረም፣ አንጀት አልነካንም፣ ሞራውን አውጥተናል" አለችኝ። ሞራ ስትል እዛው ኮሪደር ላይ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ አያቴ ሞራ ገላጭ ስለሚሉት ሰውዬ ስታወራን ነው ያደግነው፣ የታረደ በግ ሞራ ዘርግቶ ዘንድሮ ዝናብ አለ፣ እከሌ ቤት ሐዘን አለ የሚል። ይኸው እኛም የእማዬን ሞራ አስወጥተን ፓቶሎጂ ልከን ምን ይል ይሆን ብለን ሦስት ሳምንት ልንጠብቅ ነው።

ዋርድ ውስጥ አስታማሚ ሆኜ ዘጠኝ ሌሊት። ያኔ ነው የዛን የአፍሪካ ጥናት ሁለተኛ ክፍል ያነበብኩት፣ በ2021 የወጣውን። ሐሳቡ ያምራል፣ በቀላል ነጥብ፣ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታ፣ የኦፕራሲዮኑ ክብደት ምናምን ደምረህ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ለይ፣ ከዛ ነርሶች የሚያዩት አልጋ ላይ አስተኛው፣ ቶሎ ቶሎ ለካው፣ ቤተሰብ አጠገቡ እንዲቀመጥ ፍቀድ። 28 አገር፣ 332 ሆስፒታል፣ ከ28 ሺህ በላይ ሰው። ሞት ቀነሰ? አልቀነሰም። ባዶ። ሰውየው አደጋ ላይ እንደሆነ አውቀሃል፣ ግን የሚያየው ሰው ቁጥር ያው ነው፣ ደሙ ያው ነው። ቤተሰብ አጠገቡ ይቀመጥ የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ ዙሪያዬን አየሁ፣ ከእያንዳንዱ አልጋ ስር ፍራሽና የምግብ ፌስታል ያለበት ዋርድ ውስጥ ነው እኮ ያለሁት፣ እኛ ሁላችንም ተቀምጠናል፣ ግን ምን እንደምናይ የነገረን የለም። የሚቀጥለው አልጋ አስታማሚ ልጅቷ እናቷ ሽንት እንዳልወጣላት አንድ ሙሉ ቀን አላወቀችም፣ ላስቲኩ ባዶ መሆኑን ያየችው ሳትፈልግ ነው።

እኛ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። በሆስፒታሉ እያለች የደም መርጋት እንዳይመጣ ሆዷ ላይ በየቀኑ መርፌ ትወጋ ነበር። ስትወጣ መርፌው ቆመ። ማንም አላዘዘልንም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ቤት በመመለሳችን ተደስቼ ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ካልሲዋን ላጠልቅላት ስል ግራው እምቢ አለ። ቀኙ ገባ፣ ግራው እምቢ። መጀመሪያ ካልሲው መስሎኝ ቀየርኩት። ከዛ ሁለቱን እግር አጠገብ ላጠገብ አድርጌ አየሁ፣ ባቷ አብጦ የግራው ከቀኙ በጣት ይበልጣል፣ ትንሽ ይሞቃል። "ትላንትም ይከብደኝ ነበር፣ እንዳታስቢ ብዬ ነው" አለችኝ፣ ይቺ ሴትዮ።

ዶፕለር አልትራሳውንድ ውጪ አሠራን፣ ደም ረግቷል። ወደ ሳንባ ቢሄድ ኖሮ ይሄን ፖስት አልጽፈውም ነበር። ያ ነገር ደግሞ ከሁሉም ጣጣ በላይ የሚተነበየው ነው፣ ካንሰር አለ፣ ዳሌ ውስጥ የተሠራ ትልቅ ኦፕራሲዮን አለ፣ ኪሞ አለ፣ መተኛት አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ነጥቡን ስትደምሩት ጣሪያ ነክቷል። ምን እንደሚደረግም ይታወቃል። በ2002 የወጣ ጥናት መርፌውን ሳምንት ገደማ ወስዶ ማቆምን ለአራት ሳምንት ከመቀጠል ጋር አወዳድሯል፣ በሆድና በዳሌ ካንሰር ኦፕራሲዮን ላይ፣ የደም መርጋቱ ከ12 በመቶ ወደ 4.8 ወርዷል። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። የሰመመን ሐኪሙ ደረጃ ጠይቆ የጻፈው ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ነበር፣ አልቡሚኗም ነበር፣ ሁሉም ነገር ተጽፏል፣ የመውጫ ወረቀቷን የጻፈው ሰው ግን ሌላ ሰው ነው፣ በዛ ቀን ስንት ሰው እንዳስወጣ እግዜር ይወቅ። መርፌው ርካሽ አይደለም እሺ፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረሽ ነው የምታገኚው፣ ግን ንገሩንና እኛ እንወስን፣ ወርቄን እሸጥ ነበር።

በክላቪየን ዲንዶ ቋንቋ ደረጃ 2 ነው፣ መድኃኒት ብቻ። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል። የእግሯ እብጠት ግን ማታ ማታ አሁንም አለ።

ኮንሰንት ፎርሙን፣ የስምምነት ወረቀቱን፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ማንበብ ስለምችል። "ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ የሌላ አካል መጎዳት፣ ሞት" ይላል፣ ለሁሉም ሰው ያው አንድ ወረቀት፣ ለሃያ አምስት ዓመቷም ለሰማንያዋም። እኔ ያኔ ቢገባኝ ኖሮ የምጠይቀው ከነዚህ ውስጥ የእናቴ የትኛው ነው፣ ምን ስናይ ነው የምንደውለው፣ ለማን ነው የምንደውለው፣ ቤት ስንገባ የሚቀጥለው መድኃኒት የቱ ነው ነበር። እናት ወይ እህት ልታስገቡ ከሆነ ጠይቁ በናታችሁ፣ ሐኪም አይቆጣም፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ከሆስፒታል ስትወጡ ደግሞ ሁለቱን እግር ጎን ለጎን እያስተያያችሁ እዩ፣ ሜትር አያስፈልግም፣ ካልሲ ይበቃል።

ቀሪዎቹን ሦስት ኪሞዎች ጨርሳለች፣ በየሦስት ወሩ ነው ቁጥጥሯ፣ የሚቀጥለው ህዳር ላይ ነው። ወንድሜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው መታጠፊያ ጋ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጦላት ነበር። አሁን ሳትቀመጥ ታልፈዋለች፣ ሦስተኛ ላይ ነው አንዴ የምትቆመው፣ ወንበሩን ግን እንዳናነሳው ብላናለች፣ ከላይ ያሉት ሴትዮም ማረፍ ጀምረዋል።